የቀረሮው ልብ

የሊሙ ገነት ገበሬዎች ጉድጓዱን የቆፈሩት ለአዲሱ የቡና መፈልፈያ ውሃ ማጠራቀሚያ እንዲሆን ነበር። ያገኙት ግን ሰው ነው።

መቶ አለቃ እሱባለው ከጅማ ሲደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ላንድሮቨሩ ጭቃ ውስጥ ስለተቀረቀረ የመጨረሻውን ዳገት በእግሩ ወጣው። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ዳር ቆመዋል። የተነቀሉት የቡና ዛፎች ሥራቸው ወደ ላይ እንደሆነ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረዋል። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ደሬሳ እጁን በሱሪው እየጠራረገ ወደ እሱ መጣ። ሰውየው ግዙፍ ነው፤ ድምፁ ግን ከአካሉ ጋር የማይሄድ ቀጭን ነበር።

"ጓድ መቶ አለቃ፣ እኛ ምንም አልነካንም። አንድ ሰው ብቻ ነካው፣ እሱም ሳያውቅ ነው። በአካፋ።"

"የቱን?"

"ራሱን።"

እሱባለው ወደ ጉድጓዱ ወረደ። የራስ ቅሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ ስብራቱ ነጭና አዲስ ስለሆነ የአካፋው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። የቀረው አጥንት በቦታው ነው። ሰውየው በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፣ እግሮቹ ተዘርግተዋል፣ ፊቱ ወደ ዳገቱ ዞሯል። የአንድ እጁና የጎኑ አጥንቶች ጠቁረዋል። ዙሪያውን ያለው አፈር በከሰል የተሞላ ነው፤ አንዳንዱ ከሰል ጡጫ ያክላል። ልብስ የለም፣ ቁልፍ የለም፣ ቀበቶ የለም። ከከሰሉ መሃል አንድ ግራጫ ነገር አነሳ። እንደ ቀለጠ ድንጋይ ያለ፣ ቅርጽ የሌለው ነገር ነው። አገላብጦ አየውና ኪሱ ከተተው። ከዚያ እንደ ልማዱ ኮምፓሱን አውጥቶ አቀማመጡን በወረቀት ላይ ሳለ።

"ይህ ሁሉ ከሰል ከየት መጣ?"

"ኤጋ እንግዲህ፣ እዚህ ድሮ የቀረሮ ዛፍ ነበር" አለ ደሬሳ ከላይ። "ቀረሮ ስልህ፣ እንዲህ ያለ ቀረሮ ሁለተኛ አላየሁም። ሆዱ ባዶ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሰባት ስምንት ሰው ገብቶ ይጠለልበታል። በኋላ መሬቱ ለቡና ሲመነጠር ተቃጠለ።"

"ማሳው የማነው?"

"የቲጃኒ ይዞታ ነበር። ለመፈልፈያው ብለን ወሰድነውና ሌላ ሰጠነው።"

"አልተቃወመም?"

"ቲጃኒ? ቲጃኒ ዶሮ እንኳ እሽ አይልም። ይህን ግን ለመነን። 'ማሎ፣ ጉድጓዱን ወደ ወንዙ አውርዱት' አለ። ሁለቴ ለመነን።"

ከቆፋሪዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። "አጥንቱ የተገኘባት ቡና የአዴ ባህሪያ ሰደቃ ነበረች" አለ። "ቲጃኒ የእሷን ፍሬ ለራሱ አይለቅምም። በየዓመቱ ለአዴ ባህሪያ ነው የሚልከው።"

እሱባለው ቀና ብሎ አየው። "አዴ ባህሪያ ማን ናቸው?"

ቆፋሪው ወደ ደሬሳ ተመለከተ። መልሱን የሰጠው ደሬሳ ነበር፤ ቀጭኑ ድምፁ ይበልጥ ቀጠነ። "የሱሌይማን እናት ናት። ሱሌይማን አዋጁ የወጣ ዓመት ጠፍቶ የቀረ ልጅ ነው። ሽፍታ ሆነ ነው የሚባለው።"

ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነበር። "መሬት ላራሹ" ከታወጀ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

*

አዴ ባህሪያን ያገኛት የማህበሩ ሱቅ በር ላይ፣ ለጨው በተሰለፉት ሰዎች መጨረሻ ነው። ከኋላዋ የሚመጣ ሁሉ እያለፋት ከፊቷ ይቆማል፤ እሷም ገለል ትልለታለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጀርባዋ ያልጎበጠ አሮጊት ናት።

"አዴ ባህሪያ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ። ሰልፌን እንዳታስለቅቀኝ እንጂ።"

"ሰው ሁሉ እያለፈዎት ነው እኮ።"

"የሽፍታ እናት መጨረሻ ነው የምትቆመው፣ ልጄ።" ይህን ያለችው የዛሬውን አየር እንደሚናገር ሰው ነው፤ ቁጣ የለበትም። "መጨረሻም ቢሆን ሰልፍ ነው።"

እዚያው ቆመው ነገረችው። በዚያ የካቲት የባላባቱ ወኪል ከጎጆዋ ሊያስወጣት መጣ። ሱሌይማን በዱላ መታው። ወኪሉ ወድቆ ተነሳ፤ ልጁ ግን የሚደርስበትን ስላወቀ በዚያው ወደ ጫካ ገባ። ብዙም ሳይቆይ አዋጁ ወጣ። ወኪሉ ራሱ አገር ጥሎ ሸሸ።

"ሁሉም ከተደበቀበት ወጣ። የእኔ አልወጣም። አንዱ ሱዳን ገባ ይለኛል። አንዱ አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም አየሁት አለኝ። የመጣ ሁሉ አንድ አገር ይሰጠኛል።" ነጠላዋን አስተካከለች። "አጥንት አገኛችሁ አሉ።"

"አገኘን። የማን እንደሆነ ግን አናውቅም። ቢያዩትም የሚለይ አይደለም።"

"እኔ ልጄን በሳቁ ነው የማውቀው። አጥንት አይስቅ።" "የሱ ከሆነ ስጠኝና በደንቡ ይቀበር። ካልሆነም አይደለም በለኝ፤ መጠበቄን ልቀጥል። ሁለቱንም እችላለሁ፣ ወላሂ። የማልችለው በመሃል መቆሙን ነው።"

እሱባለው አሥራ ሰባት ዓመት በፖሊስነት ሲያገለግል ብዙ ሰው ለምኖታል። እንዲህ ያለ ልመና ግን አልገጠመውም። እነግርዎታለሁ ብሎ ቃል ገባላት፤ ወዲያው ደግሞ ቃል መግባቱ አስፈራው።

ቲጃኒ በማህበሩ ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ጠጉሩ ግን የሸበተ ሰው ነው።

"ሱሌይማንን ታውቀዋለህ?"

"አብረን ነው ያደግነው።"

"ያችን ቡና መቼ ተከልካት?"

"አዋጁ የወጣ ዓመት፣ ክረምት ላይ።"

"ስትቆፍር አጥንት አላየህም?"

"ቡና ለመትከል ብዙ አይቆፈርም፣ ጌታዬ።"

"ጉድጓዱን ወደ ወንዙ አውርዱት ብለህ የለመንከው ለምንድን ነው?"

"የሰደቃ ቡና ስለሆነች።"

"ሰደቃው ለምን ለአዴ ባህሪያ ሆነ?"

"ልጅ የላትማ።" ቲጃኒ ይህን ሲል ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ሁሉም መልስ ነው። አንዱም ግን በር አይከፍትም።

*

እሱባለው ከክምሩ የዚያችን ቡና ግንድ በመጋዝ አስቆርጦ በጨርቅ ጠቀለለና ጅማ ወዳለው ኮሌጅ ወሰደው። የአፈር ሳይንስ የምታስተምረው ፈድሊያ ወጣት ናት፤ ስታወራ ሰው ዓይን ውስጥ አታይም፣ የምታየው እጇ ላይ ያለውን ነገር ነው። የተቆረጠውን ፊት በአሸዋ ወረቀት አለስልሳ በአጉሊ መነጽር አየችው።

"መስመሮች አሉት። አራት፣ ምናልባት አምስት።"

"ስለዚህ አምስት ዓመቱ ነው?"

"እንደዚያ ለማለት ይከብዳል፣ መቶ አለቃ። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ዛፍ በዓመት አንድ መስመር ያወጣል። የኛ ዝናብ ግን እንደዚያ አይታመንም። አንዳንድ ዓመት ሁለት ይሆናል፣ አንዳንድ ዓመት ምንም አይኖርም።"

"ቢበዛስ? አሥራ ሁለት ይሞላል?"

"ይህ ግንድ? አይመስለኝም።"

የፈለገው ይህንን ነበርና የቀረውን አልሰማውም። ቡናዋ በ1974 ገደማ የተተከለች ከሆነ ቲጃኒ ዋሽቷል። ምናልባት ሱሌይማን ከሄደበት በምስጢር ተመልሷል፤ ምናልባት እንዳይታይ የፈለገ ሰው ነበር። ከበሩ ሊወጣ ሲል ፈድሊያ በቀስታ ጠራችው።

"ከሰሉን ልየው? ብዙ ነው ብለውኛል። መቃብሩ ጥንታዊ ሊሆን ይችላል እኮ። አዲስ አበባ ያለ መምህሬ ጋ አንድ የውጭ አገር ሳይንቲስት አለ፤ ሲመለስ ናሙና ይወስድልናል። በካርቦን ዕድሜው ይለካል።"

"ካርቦን እንዴት ዕድሜ ያውቃል?"

"ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርቦን ከአየር ያገኛል። ዛፉ ራሱ፣ እኛ ደግሞ ከምንበላው። ሲሞት መውሰዱ ይቆማል። ከወሰደው ውስጥ አንዱ ዓይነት በዝግታ፣ ግን በማይዛነፍ ልክ እየጠፋ ይሄዳል። የቀረውን ሲለኩ መውሰድ ካቆመ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይታወቃል። አጥንቱን ብናገኝ ደግሞ የተሻለ ነበር።"

አለቃው ሻምበል ደበበ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ወደ ኋላ ተለጠጠ። "አጥንት ማስረጃ ነው፤ ከአገር አይወጣም። ከሰሉን ከፈለገች ትውሰድ። ጅማ ከሰል አልተቸገረችም።" ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። "ሰውየውን ያዘው። ዋሽቷል ብለሃል እኮ።"

ቲጃኒ ጅማ ታሰረ። ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ ሕዝባዊ ሪፐብሊኩ ታወጀ፤ የፖሊስ ጣቢያው አጥር ኖራ ተቀባ። ቲጃኒ በተጠየቀ ቁጥር "አዋጁ የወጣ ዓመት ነው የተከልኳት" ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። አልተደበደበም፤ እሱባለው ያንን አልፈቀደም። ግን አልተፈታምም።

*

መልሱ የመጣው ኅዳር ላይ፣ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ ነው። ፈድሊያ ራሷ እየሮጠች ይዛው መጣች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አራት መቶ ዓመት! ሰባ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል፣ ግን አራት መቶ ነው!"

ሻምበል ደበበ ከት ብሎ ሳቀ። "እሱባለው፣ በል ገዳዩን ፈልግ! ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ሞተዋል፣ ዳኛውም ሞቷል፣ የልጅ ልጆቻቸውም ሞተዋል።" ማህተሙን አነሳ። "ሰውየው ይፈታ። አጥንቱ ሳጥን ይግባና አዲስ አበባ ሙዚየም ይላክ። ለአገር ታሪክ አንድ ነገር አበረከትን።"

እሱባለው ቲጃኒን ከእስር ቤቱ በር ላይ ተቀበለው። ወራት ሙሉ ንጹህ ሰው አስሮ መክረሙ እንደ እሾህ ይወጋው ነበር፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ሲፈልግ ነው ያደረው።

"ተሳስተናል፣ ቲጃኒ። አጥንቱ የጥንት ነው። አራት መቶ ዓመቱ ነው ተባለ። ነጻ ነህ።"

ቲጃኒ አየው። ደስታ የለም። እፎይታም የለም። "አራት መቶ?" አለ።

"በመሣሪያ ተለክቶ ነው።"

"አጥንቱስ ምን ይሆናል?"

"አዲስ አበባ ሙዚየም ይሄዳል።"

"አይቀበርም?"

"በመስታወት ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ያየዋል።"

ቲጃኒ እስከ ውጭው በር ሄደ። ከዚያ የሚሄድበት እንደጠፋው ሰው አጥሩ ሥር ቁጭ አለ። እሱባለው በመስኮት አየው። ድካም ነው ብሎ አሰበ።

በዚያው ጠዋት አዴ ባህሪያ ከሊሙ በቡና መኪና ተጭና መጣች። ወሬው ቀድሟት ደርሷል። እሱባለው እስከ በሩ ወጥቶ ተቀበላት።

"ቃል ገብቼልዎት ነበር። የልጅዎ አይደለም። አራት መቶ ዓመቱ ነው።"

ቆማ አሰበች። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። "አልሐምዱሊላህ" አለች በመጨረሻ። ወዲያው ደግሞ የዳገት ሸክም እንደገና ትከሻው ላይ እንደተጫነበት ሰው ወደ ታች ዝቅ ያለች መሰለች። "እንግዲያው እጠብቃለሁ።"

መንገዱን ተሻግራ ሄደች። አጥሩ ሥር የተቀመጠው ቲጃኒ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ ፈድሊያ ለሙዚየሙ የሚላከውን ሳጥን ልታዘጋጅ መጣች። ከአጥንቱ ጋር የሚሄደውን ሥዕል እሱባለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋላት። አጎንብሳ ስታይ ቆየች።

"ሰሜን በዚህ በኩል ነው?"

"አዎ። በኮምፓስ ነው የሳልኩት፣ መምህርት።"

"ኧረ አንቺ ይበሉኝ።" ጣቷ ወረቀቱ ላይ ቆሟል። "በቀኝ ጎኑ ነው የተኛው። ፊቱ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ። ይሄ ቂብላ ነው እኮ፣ የመካ አቅጣጫ፣ መቶ አለቃ። እኛ እንዲህ ነው የምንቀብረው።"

"አንድ ሰው አስተኝቶታል ማለት ነው።"

"አስተኝቶታል ብቻ አይደለም። እስልምና ሊሙ የተስፋፋው በአያቴ አያት ዘመን ነው ሲባል ነው የሰማሁት። አራት መቶ ዓመት... አላውቅም። ነጋዴ ሊሆን ይችላል፣ በመንገድ የሞተ።" ድምጿ ግን እርግጠኛ አልነበረም። ወረቀቱን ልትጠቀልለው ስትል ነፋስ እንዳይወስደው የተቀመጠበትን ግራጫ ነገር አነሳች። ከጠበቀችው በላይ ቀላል ስለነበር እጇ ወደ ላይ ተፈናጠረ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ድንጋይ። የቀለጠ ድንጋይ፤ ከዚያው ጉድጓድ ነው ያገኘሁት። ከግንቦት ጀምሮ የወረቀት መጫኛዬ ነው።"

"ድንጋይ እንዲህ አይቀልም።" በኪሷ በነበረው ቁልፍ ጫረችው። ከግራጫው ሥር እንደ አዲስ ሳንቲም የሚያበራ ነጭ መስመር ወጣ። ጆሮዋ ቀስ እያለ ቀላ።

"አሉሚኒየም ነው" አለች። "ከአራት መቶ ዓመት በፊት በዓለም ላይ አንድ ማንኪያ አሉሚኒየም እንኳ አልነበረም።"

"እንግዲያው መሣሪያው ዋሸ?"

በሩን ከፍታ ወጣች፤ እሱም ተከተላት። ጓሮ ለማገዶ የተቆራረጠ ትልቅ ግንድ አለ። ፊቱ ተንበረከከች።

"ዛፍ በአንድ ጊዜ አያረጅም" አለች፣ እጇን ከቅርፊቱ ሥር አድርጋ። "በየዓመቱ ከአየር የሚወስደውን የሚጨምረው እዚህ ነው፣ ከቅርፊቱ ሥር። ይሄ ዳሩ የዓምና ነው። መሃሉ ግን፣ ይሄ ልቡ፣ ዛፉ ችግኝ ሳለ ያደገው ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም አልተጨመረበትም። እንጨቱ ቆሞ ሳለ ካርቦኑ መቁጠር ጀምሯል። ትልቅ ቀረሮ ዛሬ ቢቃጠል የልቡ ከሰል የብዙ መቶ ዓመት ነው የሚሆነው።" ቀና አለች። "መሣሪያው ልክ ነው። ስህተቱ የኔ ነው። ከሰሉ ከየትኛው የዛፉ ክፍል እንደመጣ ሳልጠይቅ ላክሁ። የሞተውን ሰው ዕድሜ ጠየቅሁ መስሎኝ የዛፉን ዕድሜ ጠየቅሁ።"

የደሬሳ ቀጭን ድምፅ በእሱባለው ጆሮ መጣ። ሆዱ ባዶ ነበር፤ ሰው ይጠለልበታል።

"ከውስጥ ነው የተቃጠለው" አለ። "ሁልጊዜ በዳሩ ሳይሆን በሆዱ ነው የሚያቃጥሉት።" ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለውና እሱም በተራው አፈረ። "የቡናዋን ግንድ ከየት በኩል ነበር የቆረጥኩልሽ?"

"ከላይ በኩል። ሥሩን አላመጡልኝም።"

በሩ ጋ ሲደርስ ቲጃኒ እዚያው ነበር።

"ተነሳ" አለው እሱባለው፣ ድምፁን ሳያከብድ። "ሊሙ እየሄድኩ ነው። ላድርስህ።"

*

ሊሙ ደርሰው ዳገቱን ወጡ። ዳገቱ ላይ የተነቀሉት ቡናዎች አሁንም እንደተከመሩ ነበሩ። እሱባለው ክምሩን እየገለበጠ እሱ ራሱ ያስቆረጣትን ግንድ ጉቶ አገኘ። ከሥሩ በላይ ያለው ክፍል የሰው ጭን ያክላል፤ አናቱ ላይ በሰያፍ የተቆረጠ፣ ዳሩ የዳነ የጥንት ቁስል አለው። ያስቆረጠው ቀጭን ግንድ ያደገው ከዚያ ቁስል ጎን ነበር።

"ጎንድለሃታል።"

"ከአምስት ዓመት በፊት" አለ ቲጃኒ። "ሌሎቹን ስንጎነድል እሷንም ጎነደልኳት። ካልተጎነደለች ፍሬ አትሰጥም።"

"እና ስጠይቅህ ለምን ይህን አልነገርከኝም?"

"መቼ ተከልካት ነው ያልከኝ። መቼ ጎነደልካት አላልከኝም።"

በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል እሱባለው ሊስቅ ምንም አልቀረው። ቡናዋ በእርግጥ አዋጁ የወጣ ዓመት ተተክላለች። ከእሷ በታች ያለው ሰው ከዚያ ክረምት በፊት ተቀብሯል። ከኪሱ ግራጫውን ነገር አውጥቶ ለቲጃኒ ዘረጋለት። የቲጃኒ እጅ ሳይጠየቅ ራሱ ጨብጦ ያዘው።

"ኮዳዬ ነው" አለ። "አጎቴ ኮንጎ ዘምቶ ያመጣው። ለሱሌይማን ውሃ እንዲይዝበት ሰጥቼው ነበር።"

"የት ነበር የተደበቀው?"

"ከወንዙ ማዶ። ማታ ማታ እህል አደርስለት ነበር። ወኪሉ ደግሞ ይህን ዳገት መንጥር አለኝ፤ እንቢ ብል ይጠረጥረኛል። ቀረሮውን በጭድና በጭራሮ ሞላሁት። ከማቃጠላችን በፊት ሁልጊዜ እንጣራለን፤ ዝንጀሮም ሰውም ሊኖር ይችላል። ተጣራሁ፣ ወላሂ ሦስት ጊዜ ተጣራሁ። መልስ አልነበረም። ለኩሼ ወደ ቤቴ ወረድኩ።" ኮዳው የነበረውን ነገር በአውራ ጣቱ ያሻሸዋል። "ወባ ይዞት ነበር። ብርድ ብርድ ሲለው ደረቅ ቦታ ፈልጎ ወንዙን ተሻግሮ ይሆናል። ከኋላ በኩል ቀዳዳ ነበረው፤ በዚያ ነው የገባው። ጭሱ ቀድሞ ገደለው መሰለኝ። እንደዚያ እንዲሆን ነው የምለምነው።"

"እና ጠዋት አገኘኸው።"

"ከዛፉ ብዙው ወድቆ ነበር። አመዱን ስገፋ መጀመሪያ ኮዳውን አየሁ። በጋቢዬ ገነዝኩት። ፊቱን ወደ ቂብላ አደረግሁ። ለጀናዛ ሰላት ሰልፍ ያስፈልግ ነበር፤ ብቻዬን ሰገድኩ።"

ከታች ከወንዙ በኩል የለቃሚ ሴቶች ሳቅ ይሰማል።

"በመጀመሪያ ወኪሉን ፈራሁ። አዋጁ ሲወጣ ልነግራት ሄድኩ። በሩን ከፍታ 'አየኸው እንዴ?' አለችኝ። ፊቷን ብታየው! 'አላየሁም' አልኳት። በቃ፣ አንድ ጊዜ አላየሁም አልኩ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የባሰ ከበደ። የሽፍታ እናት ሲሏት እሰማለሁ፤ በሰልፍ መጨረሻ ስትቆም አያለሁ። ቡናውን እልክላታለሁ። ቡና! ዛሬ አራት መቶ ዓመት ስትላት ሰማሁ። 'እጠብቃለሁ' አለች። እዚያ የተቀመጥኩት ልነግርህ ነበር፣ ጌታዬ። አፌ አልከፈት አለኝ።"

"ለእኔ ነግረሃል" አለ እሱባለው። "ለእሷ ግን እኔ አልነግራትም።"

ቲጃኒ ገባው። ተነሳ።

አዴ ባህሪያ ደጃፏ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማችው። እሱባለው ራቅ ብሎ ቆሞ ነበርና የሚሉትን አልሰማም። ያየው ብቻ ነው፤ ቲጃኒ መሬት ላይ ተደፍቶ፣ እሷም ለረጅም ጊዜ ሳትነካው ቆማ። በኋላ ወደ እሱባለው ዞረች።

"ጠዋት አራት መቶ ብለኸኝ ነበር።"

"የዛፉን ዕድሜ ነበር ያወቅነው፣ አዴ። የልጅዎን አልነበረም። ጥፋቱ የእኛ ነው።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተ ልጅ እንዳላት እናት አለቀሰች።

*

ሻምበል ደበበ ሳጥኑን ለመልቀቅ ሁለት ቀን አጉረመረመ። "ከአራት መቶ ወደ አሥራ ሁለት ዓመት አወረድክልኝ፤ ለሙዚየሙ ምን ልበል?" አለ። ከዚያ ፈረመ። ፈድሊያ ለመምህሯ ናሙናው ከዛፍ ልብ እንደነበር አስታወቀች። ሱቁ በር ላይ ደሬሳ በዚያ ቀጭን ድምፁ "አዴ ባህሪያ፣ ወደ ፊት" ብሎ ተጣራ፤ ሰልፈኛው ሁሉ ገለል አለላት።

ቀብሩ የሆነው ዓርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ለሰላቱ የተሰለፈው ሰው ሜዳውን ሞላው። ቲጃኒ በፖሊስ ታጅቦ መጥቷል፤ ዓቃቤ ሕግ ገና ምን እንደሚል አይታወቅም። እሱባለው እጁን አላሰረውም። ቲጃኒ ከሁሉም ሰው ኋላ፣ ሰልፉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ብቻውን ቆመ።

ደሬሳና ሌላ ሰው ወደ መቃብሩ ወርደው እጃቸውን በከፈን ለተገነዘው አጥንት ሲዘረጉ፣ ሴቶቹ ከቆሙበት ከዋርካው ሥር የአዴ ባህሪያ ድምፅ ተሰማ። ጮክ ብላ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ሰማት።

"ደሬሳ፣ አንተ ውጣ።"

ደሬሳ ግራ ተጋብቶ ቀና አለ።

"ቲጃኒ ይውረድ" አለች። "እሱ ያስተኛው። አቀማመጡን ያውቃል።"